በ1928 ዓ.ም. የሲኒማ ፊልም የታየችው ጎንደር፤ የጠፉ ምልክቶችን ስለ መፈለግ

ስለ ጎንደር ከተማ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፈው በሦስት ዓይነት ምስክሮች ነው፤ እነርሱም የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ የውጭ አገር ተጓዦች የተዉአቸው መጻሕፍትና የሽማግሌዎች ቃል ናቸው። በዚህች ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ከነዚህ አጠገብ ሊቆም የሚችል አራተኛ ምስክር መኖሩን ነው፤ ይኸውም አሮጌው የሲኒማ ፊልም ነው። ፊልሙ የተነሣው በጠላት እጅ፣ ለጠላት ጥቅም ነው። ዳሩ ግን ካሜራ የሚያየው አንሺው የፈለገውን ብቻ አይደለም፤ ከባንዲራውና ከሰልፈኛው ጀርባ ያለውን ጎጆ፣ አጥር፣ መንገድና ዛፍ ሁሉ አብሮ ይወስዳል። የታሪክ ተማሪም የሚፈልገው ያንን ከጀርባ የቀረውን ነው።

እንደሚታወቀው ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱን በከፈተች ጊዜ ከመድፉና ከአውሮፕላኑ ጋር የሲኒማ ሠራተኞችንም አስከትላ መጣች። በፈረንጆች 1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት ለዚሁ ጦርነት ብሎ አንድ ልዩ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አደራጅቶ ነበር። ከ1926 ጀምሮም የኢጣልያ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ የሉቼን የዜና ፊልም ከዋናው ትርዒት ጋር እንዲያሳዩ በሕግ የተገደዱ ስለ ነበሩ፣ በአገራችን የተነሣው ሥዕል ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ በሮምና በሚላኖ ሕዝብ ፊት ይቀርብ ነበር። የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ከሦስት ሺህ በላይ ወታደር በካሚዮን ጭኖ፣ ከሰቲት ወንዝ ወገን ተነሥቶ፣ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ካሜራው አልተለየውም። ስታራቼ ራሱ በዚያው ዓመት ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳትሟል፤ ይህም ሰውየው ለዝናው ምን ያህል ይጨነቅ እንደ ነበረ ያሳያል። የሉቼ የዜና ፊልሞችና ፎቶግራፎች በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ውስጥ የገቡ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ስለሚገኙ ተመራማሪው እነርሱን ለማየት ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፊልሙ የደረሰባት ጎንደር አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት፣ ወይም ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. የገባባት ጎንደር አይደለችም። በመካከሉ ሁለት ታላላቅ ቃጠሎዎች አልፈዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘርፈው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ፤ መጻሕፍቱም ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ ከዚያም በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወሰዷቸው። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ደርቡሾች ገብተው የተረፈውን አነደዱት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈው የንብ መንጋ ደጁን ስለ ጠበቀው ነው እያለ የጎንደር ሰው እስከ ዛሬ ይተርካል። ስለዚህ «አርባ አራቱን ታቦት» በፊልም አገኛለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ገና ከመነሻው ይሳሳታል። ፊልሙ የሚሰጠን ከቃጠሎው ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ከጣልያን ግንባታ ደግሞ በፊት የነበረችውን ከተማ ነው። ይህችን መካከለኛ ጎንደር የሚገልጽ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል ከጦርነቱ በፊት በከተማው የኢጣልያ ቆንስል የነበረው ራፋኤሌ ዲ ላውሮ «ሦስት ዓመት በጎንደር» የሚል መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ መጽሐፉም የሰላይና የተመልካች ዓይን የተቀላቀለበት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው አካሄድ እንግባ። በአንድ አሮጌ ፊልም ላይ የሚታይ የጠፋ ቤት የት እንደ ነበረ ለማወቅ በመጀመሪያ ያልጠፋ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። በጎንደር ይህ ነገር ችግር የለውም፤ የፋሲል ግንብ አለ። አራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማዎች ቆመዋል፤ በየማማው ራስ ላይ እንደ እንቁላል ያለ ጉልላት አለ፤ ከነዚህ በላይ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን በኩል ከፍ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ሰገነት ይወጣል፤ ከዚያም ሆኖ ሰማዩ ሲጠራ ጣና ይታያል። የግንቡ ከፍታ ወደ 32 ሜትር ይጠጋል። ይህ ሰገነት በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ለተመራማሪ ትልቅ ጸጋ ነው። ካሜራው በደቡብ ቆሞ እንደ ሆነ ሰገነቱ በሥዕሉ ግራ፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ይታያል። በምሥራቅ ቆሞ እንደ ሆነም በግራ ነው፤ ነገር ግን ከጣሪያው ማዶ ይርቃል። በሰሜን የቆመ ካሜራ በቀኝና በሩቅ፣ በምዕራብ የቆመ ደግሞ በቀኝና በቅርብ ያየዋል። እንግዲህ አንሺው የቆመበትን አቅጣጫ ለማወቅ አንዲት ሥዕል ትበቃለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ክብ ማማዎች ምን ያህል እንደ ተደራረቡ እያዩ፣ በቦታው ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተራመዱ፣ መደራረቡ ልክ እንደ ፊልሙ የሚሆንበትን ስፍራ መፈለግ ነው። ይህ የቀያሾች ዘዴ ነው እንጂ አዲስ ግኝት አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ወጥመድ አለ። የፊልም ነጌቲቭ ተገልብጦ ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ይህም በጥድፊያ በተሠሩ የዜና ፊልሞች ላይ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ከደቡብ የተነሣው ግንብ ሲገለበጥ ከምዕራብ የተነሣ ይመስላል፤ ከምሥራቅ የተነሣውም ከሰሜን የተነሣ ይመስላል። ፈረንጅ መርማሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ የወታደሩን ጎራዴ ይመለከትና «በግራው ከታጠቀ ሥዕሉ ትክክል ነው» ይላል። የእኛ አገር ሰው ግን በጥንቱ ልማድ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኙ በኩል ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ትክክለኛውን ሥዕል ተገልብጧል ብሎ ሊያበላሸው ይችላል። ይልቁንስ የሚሻለው ጥላውን ማየት ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ያለች በመሆኗ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ የቀረውን ጊዜ ደግሞ በደቡብ። ስታራቼ በገባበት በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይዋ በቀትር ከአናት ወደ ደቡብ የምታዘነብለው 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የ32 ሜትር ሰገነት በቀትር የሚጥለው ጥላ ወደ ሰሜን አራት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አንድ ፊልም «ጎንደር በተያዘችበት ቀን ቀትር» እየተባለ ረጅም ጥላ ካሳየን፣ ወይ ሰዓቱ ወይ ቀኑ ሐሰት ነው።

ሌላው የፊልም ጥቅም እንደ ፎቶግራፍ አንድ ቦታ አለመቆሙ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሰኮንድ 24፣ በአንድ ደቂቃ 1,440 ሥዕል ያልፋል። ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር እነዚህን ሥዕሎች አንድ በአንድ አቁሞ ጎን ለጎን ቢቀጥሏቸው ሰፊ የከተማ ገጽታ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ማንም ፎቶግራፍ አንሺ ብቻውን ሊያነሣው የማይገባው የሚመስለው ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ጎጆ ክዳን ከሌላው ጎጆ ያለው ርቀት፣ በዚህ አካሄድ ይለካል።

አሁን «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በግንቡ ጥገና ውስጥ ይገኛል። ጣልያኖች ከተማውን ከያዙ በኋላ ግንቦቹን ለራሳቸው ሥራ ሲያውሉ በየቦታው ጠግነዋል፤ ጥገናቸውም ሲሚንቶ የገባበት፣ ከጥንቱ የኖራ ሥራ ጋር የማይስማማ ነበር። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ሲገባም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ባለሙያዎች ያንን የጣልያን ሥራ እያነሡ በኖራና በቀድሞው ዘዴ ለመተካት ብዙ ደክመዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በግቢው ሰፊ የጥገና ሥራ ሲካሄድ ቆይቷል። ጠጋኝ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ ግድግዳ፣ ይህ ክፈፍ፣ ይህ ደረጃ የ17ኛው መቶ ዓመት ነው ወይስ የ1930ዎቹ?» ድንጋዩ አይናገርም፤ ኖራውን መመርመር ይቻላል፤ ነገር ግን የተነሣና የፈረሰ ነገር የሚመረመር ኖራ የለውም። በመጋቢትና በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የተነሣው ፊልም ግን አናጢውና ግንበኛው ገና ያልነኩትን ግንብ ያሳያል። ከጥገናው በፊት የነበረ የመጨረሻው የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማስረጃ ይህ ነው። ስለዚህ አንድ ሥዕል «ከመጋቢት 1928 ነው» ወይስ «ከ1930 ነው» ብሎ በትክክል መለየት ለጠጋኙ የሥራ መመሪያ ይሆናል።

የታላቁ ኢያሱን ግንብ እንመልከት። ይህ ግንብ በ1704 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፤ በደርቡሽ ጊዜ ከተማው ነደደ፤ በመጨረሻም በ1934 ዓ.ም. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጎንደርን ሲደበድቡ ቦምብ እንዳገኘው በሰፊው ይነገራል። ዛሬ ጣሪያ የሌለውን አዳራሽ የሚጎበኝ ሰው አስጎብኚው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ሲነግረው ይሰማል። የሦስቱ ጉዳት በአንድ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ ሲታይ ማን ምን እንዳፈረሰ መለየት አይቻልም። የ1928 ፊልም ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ጉዳት መካከል የተሰመረ መሥመር ነው፤ በፊልሙ የቆመ ሆኖ ዛሬ የሌለ ሁሉ ከደርቡሽ ጫንቃ ላይ ይወርዳል፤ በፊልሙም የሌለ ሁሉ በእንግሊዝ ቦምብ አይሳበብም። አውግስቶ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ ስለ ጎንደር ግንቦች በ1938 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍም ከቦምቡ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ከፊልሙ ጋር ጎን ለጎን ሊነበብ ይገባል።

ከግንቡ አጥር ወጥተን ወደ ከተማው ስንወርድ ሥራው ይከብዳል። የግቢው አጥር ርዝመት ወደ 900 ሜትር ነው፤ አሥራ ሁለት በሮች እንዳሉት ይነገራል፤ ፊት በር፣ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ አዛዥ ጥቁሬ በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ቋሊ በር እያለ ስማቸው ይቀጥላል። በነዚህ በሮች ዙሪያ የነበረው መንደር የሣር ክዳን ጎጆ መንደር ነበር። የሣር ክዳን ጎጆ በፊልም ላይ ከሌላው የሣር ክዳን ጎጆ አይለይም፤ እድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ «ይህ የማን ቤት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የሚለየው የመንደሩ ቅርጽ ነው፤ አጥሩ የት ይጠማዘዛል፣ መንገዱ የት ይሰፋል፣ ባዶው ሜዳ የት ይጀምራል። ሕዝብ ለዳኝነትና ለአዋጅ የሚሰበሰብበት አደባባይ፣ የጃን ተከል ዋርካ የቆመበት ስፍራ፣ በእንዲህ ያለው አካሄድ ከጎጆዎቹ ይልቅ በቀላሉ ይያዛል፤ ዋርካ እንደ ግንብ ቦታውን አይለቅምና።

በዚህ ላይ የጣልያን ከተማ መጣ። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው የፍሎረንስ አርክቴክት የጎንደርን ፕላን የነደፈው በ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ለጅማና ለደሴም ነድፏል፤ ኋላ ወደ አልባኒያ ተሻግሮ በ1941 ሞተ። ጎንደር በዚያን ጊዜ የአማራ ገዥነት ዋና ከተማ ተደርጋ ስለ ነበር ጣልያኖች ገንዘብ አልቆጠቡም። ፕላኑ ግንቦቹን እንደ ጌጥ በመካከል አስቀርቶ የነጮቹን ሱቅና መሥሪያ ቤት ከግንቡ በስተሰሜን በኮረብታው ጀርባ ላይ አሰለፈ፤ የአገሬውን ሰው ደግሞ ለይቶ ወደ ሌላ ወገን ገፋው። ፖስታ ቤቱ በላይኛው ጫፍ እንደ ራስ ሆኖ፣ ሲኒማ ቤቱና ሱቆቹ ከግራና ከቀኝ ሆነው ዛሬም ፒያሳ ብለን የምንጠራውን ስፍራ አቆሙ። ዴቪድ ሪፍኪንድ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ግንባታ ባሳተመው ጥናት ሕንፃዎቹን ከፋሺስት መንግሥት ሐሳብ ጋር አዛምዶ መርምሯል። የእኛ ጥያቄ ከእርሱ ይለያል፤ እኛ የምንፈልገው ሕንፃዎቹ የተተከሉበትን መሬት ነው። የፒያሳ ሕንፃዎች ገና ሳይታዩ ከግንቡ በስተሰሜን ያለውን ጀርባ የሚያሳይ ማንኛውም ፊልም ከፕላኑ በፊት የተነሣ ነው፤ ግማሹ ቆሞ ግማሹ መሠረት ሆኖ የሚያሳይ ደግሞ የግንባታውን ዓመት ይነግረናል። በዚህ አኳኋን ጠላት ያቆመው ሕንፃ ራሱ ላፈረሰው መንደር የጊዜ መለኪያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ስም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት ከጎንደር የጠፉ ምልክቶች ከፊልም ይልቅ በስም ውስጥ ተደብቀው የቀሩ ይበልጣሉ። ፒያሳ የጣልያን ቃል ነው፤ ትርጉሙም አደባባይ ነው፤ ከጥንቱ አደባባይ ሳይርቅ ሌላ «አደባባይ» በባዕድ ቋንቋ ተሰየመ ማለት ነው። አውቶ ፓርኮ የካሚዮኖች ማቆሚያ ነበር፤ ካሚዮኖቹ ከሄዱ ሰማንያ ዓመት አልፏል፤ ሰፈሩ ግን እስካሁን በዚያው ስም ይጠራል። ከጣልያን በፊት የነበሩትም ስሞች እንዲሁ ናቸው። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት የሚባሉት ሰፈሮች ማን የት ይኖር እንደ ነበረ ይናገራሉ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ዓ.ም. ጉባኤ አድርገው እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ባዘዙ ጊዜ የተሰመረው መሥመር ከዚያ ወዲህ በሰፈሮች ስም ኖረ። ተመራማሪው የፊልሙን ሥዕል በእጁ ይዞ ሲሄድ መጠየቅ ያለበት «ይህ ምንድን ነው?» ሳይሆን «ይህን ቦታ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ግምት ያገኛል፤ ለሁለተኛው ግን ከራሱ ከፊልሙ የቆየ ስም ሊያገኝ ይችላል።

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚያን ዘመን አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው የክዳኑን ቁልቁለት ስለሚለውጥ፣ ያው ሕንፃ በፊልሙና በዛሬው ፎቶግራፍ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ሊመስል ይችላል። በክዳን ከመፍረድ ይልቅ በዙሪያው ያለውን ዛፍና የቅጥሩን ክብ መመልከት ይሻላል፤ የደብር ቅጥርና የጽድ ዛፍ ከክዳን ይልቅ ይቆያልና።

ከከተማው ውጭ፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጡ፣ ፊልሙ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። በቅሎና እግረኛ ብቻ የሚወጣውን የሊማሊሞን ገደል ጣልያኖች በመንገድ ሥራቸው ጠምዝዘው መኪና አሳለፉበት፤ ይህንንም የኢምፓየሩ ኩራት አድርገው አሳዩት። የመንገዱ ጥምዝ ራሱ እንደ ግንቡ ሰገነት ሊያገለግል ይችላል፤ ጥምዙ የት እንደ ሆነ ከታወቀ ከሥር ያለው የቀድሞው የበቅሎ መንገድ መሥመር በሥዕሉ ላይ ይከተላል። በወልከፊት የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቁልቋል በር በኅዳር ወደቀ፤ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናዚም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደርን አስረከበ። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣልያ የመጨረሻ ምሽግ ነበረች።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ካሜራው ፊቱን ያዞረበትን ነገር ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። በአምስቱ ዓመት ውስጥ አሞራው ውብነህና አዳነ መኮንን፣ ሌሎችም የበጌምድርና የስሜን አርበኞች፣ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር፤ ከሉቼ ፊልም ግን አንዱም አይገኝም። በፊልሙ ላይ ሕዝቡ ይሰለፋል፣ ሹማምንቱ እጅ ይነሣሉ፣ ሕፃናት ይስቃሉ። ይህ ውሸት ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሸቱ ያለው በመቁረጡና በመቀጠሉ፣ ከሁሉም በላይ ከላይ በሚነበበው የጣልያንኛ ንግግር ውስጥ ነው። የድምፁን ቁልፍ ዘግቶ ሥዕሉን ብቻ የሚመለከት ሰው ሌላ ፊልም ያያል። በተጨማሪም አዘጋጁ የአንዱን ከተማ ሥዕል ከሌላው ከተማ ጋር ቀጥሎ «ጎንደር» ብሎ ሊያቀርብ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቁራጭ ሥዕል፣ ግንቡ በውስጧ ካልታየ በቀር፣ ጎንደር መሆኗ ለብቻው መረጋገጥ አለበት።

ከሕንፃ የቀደመ ሌላ ጥፋትም አለ። በማርሴል ግሪዮል የተመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ቡድን በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ ወደ አምስት ወር ያህል በኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ተቀመጠ። በዚያ ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች በምትካቸው ለጠፈ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ከቡድኑ ጋር የነበረው ሚሼል ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934 እ.ኤ.አ. ስላሳተመው ነገሩ ምስጢር አይደለም። ስለዚህ ስታራቼ ሲገባ የአባ እንጦንስ ግድግዳ ያሳይ የነበረው ቅጂ ነው። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣ ማንኛውም የዚያ ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ሥዕል ምንም ያህል ጥርት ብሎ ቢታይ ስለ ጎንደር የሥዕል ጥበብ ምስክር ሊሆን አይችልም። የአክሱም ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. በሮም ቆሞ በ2005 ተመልሷል፤ በ2008ም በቦታው ተተክሏል፤ የሐውልቱን መንገድ ከአክሱም እስከ ሮም በፊልም መከተል ይቻላል። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ግን ተጠቅልለው በሣጥን የሄዱ ናቸው።

የሚቀረው የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው፤ እርሱም ጊዜ አይሰጥም። ጣልያን ሲገባ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ መቶ ዓመት ሞልቶታል። ጣልያን ሲወጣ ሕፃን የነበሩት ግን ገና በመካከላችን አሉ፤ ፒያሳ ሲሠራ ያላዩ ቢሆኑም ከወላጆቻቸው የሰሙትን ያውቃሉ፤ ወንዝ የወረዱበትን፣ እንጨት የለቀሙበትንም መንገድ ያስታውሳሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ፊልሙን በሩጫ ማሳየት አይጠቅምም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አትሞ፣ ያለ ድምፅና ያለ አርእስት፣ መጀመሪያ ግንቡ ያለበትን፣ ከዚያ ግንቡ የሌለበትን በፊቱ መደርደር ይሻላል። ጥያቄውም ከውሃ ቢጀምር መልካም ነው፤ ከዚህ ጎጆ ደጅ የሚነሣ ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቀሃ ነው ወይስ ከአንገረብ? ቀሃ በምዕራብ፣ አንገረብ በምሥራቅ በኩል የሚወርዱ ስለሆኑ፣ እናቱ እንስራዋን ተሸክማ በየትኛው ቁልቁለት ትወርድ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሽማግሌ ጎጆው በኮረብታው በየትኛው ገጽ ላይ እንደ ነበረ ነገረን ማለት ነው።